ያልተቀመሰው አልጫ

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት

የድፎው አሠራር ለሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሰረዘ። «እፍኝ» አይባልም አለች ወ/ት ሜሮን። ግራም ነው የሚባለው። እጄን ዘርግቼ እፍኝ ይሄ ነው አልኳት። ዱቄት አስዘግና ሚዛን ላይ አራገፈችው። ጣቶቼን እንደ ወንፊት መታ መታ አድርጋ የቀረውንም አወረደች። ደብተሬ፣ የሰው እፍኝ ይመዘናል? ተመዘነ። ቁጥሩን ጻፈች።

ጽ/ቤታችን ለገናና ለጥምቀት የቤተሰብ መጽሔት ያሳትማል። የበዓል ምግብ አሠራር፣ የልጆች አልባሳት፣ የቤት ማስዋብ። አዘጋጅ ሁለት ሰው። አንደኛዋ እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በቤት አያያዝ ባለሙያነት ይህን ወረዳ በእግሬ የዞርኩት። ሌላዋ እሷ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ። ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ማሻሻያ መጥቶ ሁለቱን መደብ አንድ አድርጎታል። መጽሔቱ ሲያልቅ አንዳችን እዚህ መሐል ሜዳ እንቀራለን፣ አንዳችን ሩቅ ገጠር ቀየት እንመደባለን። ማን እንደሚቀር ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ሥራውን አይቶ ይወስናል።

ባሌ ጥላሁን ወገቡን ከታመመ ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ እዚህ ነው፣ ቤታችን እዚህ ነው። ቀየት አልሄድም። እሷ ትሂድ። ልጅ ናት፣ እግር አላት።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ዛሬ የልጆች ልብስ። ወ/ት ሜ. ቀይ ጨርቅና አንድ ጥቅል ጥጥ ይዛ መጣች። የገና አባት ነው አለች። ጢሙ ከጥጥ፣ ቆቡ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው። እንዲህ ለብሶ በመንዝ መንገድ የሚሄድ ሽማግሌ ልጆቹ ይሸሹታል፣ ውሾቹ ግን አይሸሹትም አልኩ። ገንዘብ ያዥዋ ሳቀች። ሜ. አልሳቀችም።

የኔ ሐሳብ፦ ለወንዶቹ ከጥቁር በግ ጠጉር ትንንሽ በርኖስ። ለሴቶቹ ጠባብ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ። በርኖስ ለፎቶ አይሆንም አለች፤ ጥቁር ነገር ዝርዝሩ አይወጣም፣ ደግሞ ለልጅ ይከብዳል። ይከብዳል! የታኅሣሥ ውርጭ አይከብድም?

አቶ ደምሴ ሁለቱም ይግባ አለ። ሁለቱም ይግባ የሚል ሰው ስለ አንዱም ግድ የለውም።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ጥሩ ቀን።

ሜ. ለግድግዳ የሚሆን ጉንጉን ልትሠራ ፈለገች። ከምን? ከጓሳ ሣር። ረጅም ነው፣ ወርቃማ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ሣሩ ዘንድሮ ዝግ መሆኑን የማያውቅ ሰው በመንዝ የለም። ሕዝቡ ተሰብስቦ ክፍት ነው እስኪል አንዲት ዘለላ የሚያጭድ የለም። እሷ አላወቀችም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ስለ ጭኮ እጽፍ ነበር። መጻፌን ቀጠልኩ።

ጠዋት በጽ/ቤቱ ሞተር ተፈናጥጣ ጓሳ ሄደች። ሞተሩ እንዳወረዳት ለሌላ ሥራ አልፏል። ጠባቂዎቹ ያጨደችውን ወስደው፣ ማጭዱን ቀምተው፣ መክረው ሸኟት። ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን የአንድ መንገደኛ በቅሎ ላይ። አሥር ሰዓት ላይ ስትገባ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ፊቴ ቆመች።

«እትዬ አሰለፈች፣ ዝግ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝም» አልኳት።

ለጥላሁን ስነግረው ነውር ነው አለኝ። የሰው ልጅ በብርድ ይቀጣል ወይ አለ። እራቱን አቀረብኩለት። እኔስ ሃያ ሁለት ዓመት በየትኛው ብርድ ነው የሄድኩት?

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

የበግ አልጫ። የመጽሔቱ ዋና ምግብ፣ ከነፎቶው አንድ ሙሉ ገጽ። ከእናቴ የተማርኩት፣ በስሜ የሚወጣው።

ችግሩ ጾም ነው። ገና ሳይደርስ መታተም አለበት፣ ለፎቶ ደግሞ መሠራት አለበት። የጥበቃው ጋሽ በየነ እያማተቡ በጉን አረዱ። እኩሌታውን ሥጋ ለቋንጣ አስቀረሁ፣ እኩሌታው ድስት ገባ። ቅቤው ሲነጠር ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። የማኅበራችን ሴቶች ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። ለሥራ ነው፣ ለሥራ ነው እያልኩ ከበር ላይ ጮህኩላቸው።

ማንም አልቀመሰም። ማን ይቀምሳል? እናቴ የበዓል ወጥ በዋዜማው፣ ጾም ሳይፈታ፣ በአፍንጫዋ ነበር የምትሠራው፣ እኔም እንዲሁ። ሽንኩርቱ ደህና፣ እርዱ ደህና፣ ኮሰረቱ ደህና። ጨው አራት የሾርባ ማንኪያ፣ እንደ ሁልጊዜው። ጽ/ቤቱ ከገዛው፣ በላስቲክ ከታሸገው ጨው። ሜ. እየተከተለች እያንዳንዷን ማንኪያ ጻፈች፣ ከዚያ ድስቱን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳችው። እንደ ሙሽራ።

ድስቱን እሷ ታጥበዋለች ብዬ ወጣሁ። ነጠላዬን ረስቼ ተመለስኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱ ላይ ቆማለች። ስትዞር አፏን ትጠርጋለች። ዓይኗ እርጥብ ነው። ስለ ጓሳው የምታለቅስ መሰለኝ።

ደስ አለኝ ደብተሬ። ላንቺ አልዋሽም።

ወጡን የጋሽ በየነ ውሻ በላው።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ጋሽ በየነ ውሻዬን ምን አበላችሁት ይላሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከቦዩ ውሃ ሲጠጣ ዋለ። በጾም የታረደ በግ ለውሻም አይስማማ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 16፣ ማክሰኞ

የቤት ማስዋብ። በአዳራሹ አንድ ግድግዳ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ። እሷ የጽድ ቅርንጫፍ ባልዲ ውስጥ ተክላ ጥጥ በተነችበት፣ ፊኛ አንጠለጠለችበት። በረዶ ነው አለች። በረዶ ገብስ ይመታል፣ ማን ቤቱ ያስገባዋል? እኔ ትልቁን የበግ ጠጉር ዝተት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ጥቁርና ነጩ ተራ በተራ፣ ሸማኔው እጁ የተባረከ ነው። በግ በግ ይላል አለች። በግ ነዋ። ምን ምን ይበል?

የት/ቤት ልጆች ሊያዩ መጡ። ሁሉም ወደ ፊኛው። አንዲት ልጅ ብቻ ዝተቱን ዳሰሰችና ቤታችን አለ ብላ ሄደች።

አንገበገበኝ።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከአቶ ደምሴ ዘንድ አሁን መውጣቴ ነው።

ሜ. በኮምፒውተር የጻፈችው ረቂቅ ዛሬ ወጣ። የአልጫዬ ገጽ ጋ ደረስኩ። «ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ።»

ሁለት! አራት ነው ያልኳት። ዓይኗ እያየ ነው የጨመርኩት። ገባኝ። የኔ ገጽ አልጫ ሆኖ እንዲቀር ነው። አንባቢው ሠርቶ ጨው አልባ ነው ሲል፣ እትዬ አሰለፈች ድሮም አያውቁበትም ሊባል።

ወረቀቱን ይዤ አቶ ደምሴ ዘንድ ገባሁ። በሩን አልዘጋሁም። ገንዘብ ያዥዋም ሾፌሩም ይሰሙ። የሃያ ሁለት ዓመት ሙያዬን በአንድ ሌሊት አበላሸችው አልኩ። ሜሮን ተጠራች። ለምን ቀየርሽ አላት። በምን አውቀሽ ነው የባለሙያ ቁጥር የምትነኪው አላት። መሬት መሬት አየች። የጽሑፍ ስህተት ነው አለች። አቶ ደምሴ እንዲህ ዓይነት ስህተት ለምደባው እንደሚቆጠር ነገራት፣ በሰው ፊት።

በቀይ እስክሪብቶ «አራት» ብዬ መለስኩት። ስጫን ወረቀቱ ተቀደደ።

አሸነፍኩ።

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

የጽሑፍ ስህተት አለች። ቁጥር ቢሆን ጣት ይስታል እንላለን። ግን በፊደል ነበር የተጻፈው። «አራት» እና «ሁለት» ምናቸው ይመሳሰላል?

ጠዋት ከቦዩ አጠገብ ሳልፍ የጋሽ በየነን ውሻ አየሁት። ቆምኩ። ውሻው ከሰዓት ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ዋለ። እሷ አፏን ስትጠርግ አገኘኋት። ዓይኗ እርጥብ።

ቀምሳዋለች! በጾም፣ በቅቤ የተሠራ የበግ አልጫ!

ደብተሬ፣ እጄ ላይ ወደቀች። ለገንዘብ ያዥዋ አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃል፤ የማኅበራችን አባል ናት፣ እስከ እሑድ ከተማው ይሰማዋል። በዚህ አገር ጾም ከገደፈች ባለሙያ ማን ምን ይማራል? መደቡ የኔ ነው። ጥላሁን ሐኪሙን አይለይም።

ነገ እነግራታለሁ። ለገንዘብ ያዥዋ ማለቴ ነው።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

መጀመሪያ ወደ ሜ. ሄድኩ። ፊቷን ማየት ፈለግኩ። ዕቃ ቤት ውስጥ ፊኛ ታስተነፍሳለች።

አልጫውን ቀምሰሻል ወይ አልኳት። ትክዳለች ብዬ ነበር።

«ቀምሻለሁ» አለች። «ሰው ቤቱ ሠርቶ የሚበላውን ነገር ሳልቀምስ አልጽፍም እትዬ። አንድ ጉርሻ አይወርድም። ጨው ነው።»

ታመሻል ወይ አልኳት። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ አልኳት። ያሳፈረኝ ይሄ ነው፤ ቆሜ ሰበብ የምፈልግላት እኔ ነኝ። አይ አለች። ጤነኛ ናት። ትጾማለች። የዚያን ዕለት ብቻ፣ ለሥራ ብላ። ንስሐ አባቷ የሰጧትን ስግደት ጨርሳለች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኩ። ብነግርዎ በምን አወቅሽ ይሉኛል አለች። እውነቷን ነው፣ እል ነበር። ብዬም አላበቃም ነበር። አቶ ደምሴ ፊት በምን አውቀሽ ሲላትም መልሱ ይሄው ነበር። እሱን ከምትናገር ስህተት ነው ብላ ተሰደበች።

ሠላሳ ዓመት አራት ማንኪያ ነው የጨመርኩት፣ ማንም ጨው በዛ አላለኝም አልኳት።

«በየትኛው ጨው?» አለችኝ።

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ለገንዘብ ያዥዋም አልነገርኩም። ገና አልወሰንኩም።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ። ጥላሁን ሐኪሙ ዘንድ ነው። ብቻዬን ነኝ።

ረቂቁ ነገ በሚኒባስ ደ/ብርሃን ማተሚያ ቤት ይሄዳል። «አራት» እንዳለ ነው፣ በቀይ ቀለሜ። ከታች «አዘጋጅ አሰለፈች» ይላል።

ከሱቅ አንድ የላስቲክ ጨው ገዛሁ። በቤቴ የምጠቀመው ከገበያ የመጣ ድንጋይ ጨው ነው፣ ራሴ በሙቀጫ እሰብረዋለሁ። ሁለት ማንኪያ አሰለፍኩ። የኔው ጠጠር ጠጠር ነው፣ በመሐሉ ክፍተት አለው። የላስቲኩ እንደ ዱቄት ሞልቶ ተኝቷል። መጽሔቱን የሚገዛው ደግሞ የላስቲኩን ነው የሚገዛው፣ አሁን ሱቁ ሁሉ እሱ ነው።

በዓይኔ አውቄዋለሁ ማለት ይቻላል። ግን የፎቶው ቀን በአፍንጫዬም አውቄው ነበር።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እሷን ማመን ነው። በኔ ድስት ላይ የእሷን ምላስ ዳኛ ማድረግ። እሱን ከማደርግ ቀየት በጉልበቴ እየዳህኩ ብሄድ ይሻለኛል። ሌላው እዚህ ምድጃ ላይ ነው። ያስቀረሁትን ጨው ያልነካው ቋንጣ አወጣሁ። የመጠኑን ግማሽ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ የአራቱንም ግማሽ፣ ከላስቲኩ ጨው ሁለት ማንኪያ። ይንተከተካል።

ዓርብ ነው ደብተሬ። ለገና ሦስት ቀን ነው የቀረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም፤ ስወልድ እንኳ ቄሱ ፈቅደውልኝ እንቢ ብያለሁ።

5 ሰዓት

ማንኪያውን ነከርኩ። አማተብኩ፣ ከዚያ ማማተቤ ራሱ አሳፈረኝ። ቀመስኩ።

ምላሴ ተኮማተረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ የሜ. እንባ ስለ ጓሳው አልነበረም።

ተፋሁት ብል ውሸት ነው። ዋጥኩት።

የዚያው ቀን። ከቀኑ 10 ሰዓት

ጽ/ቤት ሄድኩ። ሁሉም ነበሩ፤ አቶ ደምሴ፣ ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ሜሮን። ረቂቁን ስጡኝ አልኩ። ቀዩን «አራት» ሰርዤ «ሁለት» ጻፍኩ፣ ከጎኑ ፈረምኩ። ሰኞ የሰደብናት ሰው ትክክል ነበረች፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይህን ስናገር ጥርሴን ነክሼ ነው።

አቶ ደምሴ ተቆጣ። ሰኞ አራት፣ ዓርብ ሁለት፣ በምን አወቁ ዛሬ አለኝ።

በአፍንጫዬ ልል እችል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ ስል ኖሬያለሁ፣ ማንም አይጠረጥርም ነበር።

«ቀምሼ» አልኩ። «ዛሬ፣ ቤቴ።»

ገንዘብ ያዥዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሾፌሩ የቁልፉን ዘለበት ያሽከረክር ነበር፣ ተወው። አቶ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። መሥሪያ ቤትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ። ነገር ግን አለ። ነገር ግን ሴቶች ፊት ቆማ የምታስተምር ባለሙያ አርአያ መሆን አለባት፣ ይህ ከተሰማ ሴቶቹ ምን ይላሉ አለ። ሜሮን አፏን ከፈተች። አየኋት። እንዴት እንዳየኋት እንጃ፣ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ረቂቁ ሄደ። አቶ ደምሴ ጠርቶ በለሆሳስ ነገረኝ። ከጥምቀት በኋላ ቀየት። ለእርስዎም ለአእምሮ ዕረፍት ነው አለኝ። ለአእምሮ ዕረፍት!

ለጥላሁን ነገርኩት፣ ከቅምሻው ጀምሮ። እኔስ ወገቤ ቀየትም ያው ነው የሚያመኝ አለ። ከዚያ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን ተረት ሊያመጣ ሲል እጄን አነሳሁበት። ሳቀብኝ። እኔ አለቀስኩ። ሐኪሙ ዘንድ ማን ያመላልሰዋል?

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የማኅበሬ ሴቶች ቦታ አልለቀቁልኝም። ከኋላ ቆምኩ። አንዷ ብቻ ሰላም አለችኝ፣ እሷም ጆሮዋ የማይሰማ ናት።

ከሰዓት ሜሮን መጣች። ግቢ አላልኳትም፣ ጥላሁን ነው ያስገባት። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዓሉ ሲያልፍ ለአቶ ደምሴ እነግራቸዋለሁ አለች።

«ምን ብለሽ?»

«መጀመሪያ የቀመስኩት እኔ ነኝ ብዬ። መደቡ የእርስዎ ነው።»

አሰብኩበት። ውሸት የለውም፣ አሰብኩበት። ከተናገረች እኔ አልመለስም፤ ለኔ ያለፈ ነገር ነው። እሷም ትወድቃለች፣ መደቡን አንድ ሦስተኛ ሰው ይወስደዋል። ምናልባት የአቶ ደምሴ ዘመድ። እሱ ደግሞ አይቀምስም፣ አይጽፍም።

ሌላም ነገር አለ። ዓርብ የተናገርኩት የኔ ነው። እሷ ከተናገረች ግማሹን ትወስድብኛለች። ለእሷ ብዬ አልተናገርኩም። በስሜ የወጣ ገጽ ሰው ጉሮሮ ላይ እንዳይቆም ነው።

«አንድ ሰው ይበቃል» አልኳት። «ዝም በይ። እኔ ቀየት እሄዳለሁ።»

ማልቀስ ጀመረች። አልቻልኩበትም፣ ተነስቼ ለመጥረጊያ ጨርቅ ሰጠኋት። አንድ ነገር ግን አልኳት፣ ያን የጥጥ ጢም ያለውን ቀይ ሽማግሌ ከመጽሔቱ አውጪልኝ። አፍንጫዋን ጠረገች። ትናንት ከረቂቁ ጋር ሄዷል እትዬ አለች፤ የፊት ሽፋኑ ላይ ነው። የኔ በርኖስ? የኋላ ሽፋኑ ላይ፣ በትንሹ።

በጨርቁ ልመታት ምንም አልቀረኝም። ጥላሁን እስከ በር ሸኛት።

አሁን ወደ ንስሐ አባቴ ልሄድ ነጠላዬን እየፈለግኩ ነው። ስለ አልጫው እናዘዛለሁ። መዋጤንም እነግራቸዋለሁ። እያወቅኩ ዝም ብዬ ጓሳ ስለ ላክኋትም እናገራለሁ፣ ያኛው ከአልጫው ይከብደኛል።

እሷን ስለ መጥላቴ ግን ዛሬ አልናገርም። ገና አልጨረስኩም።